ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸው ጥናት

ስለ ልማት የሚናገር ሰው በአገራችን ሞልቷል። በየስብሰባው፣ በየሬዲዮኑ፣ በየመሠረት ድንጋዩ ሥነ ሥርዓት ይህ ቃል የማይጠራበት ቀን የለም። እኛም ተማሪዎች ልማትን የምንጠላ አይደለንም፤ ሥራ የሌለበት አገር ልጆቹን ለስደት እንደሚያሳድግ እናውቃለንና። ነገር ግን ልማቱ ለማን ነው? በማንስ ኪሳራ ነው? ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሲታጣ አንዱ እጅ የሠራውን ሌላው እጅ ሲያፈርሰው ይኖራል። ይህን ጥያቄ አስቀድሞ የመጠየቁ ሥራ በሕግ ቋንቋ «የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ» ይባላል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ላቀርብ ያሰብሁት ይኸው ግምገማ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ምን እንደ ሠራና ምን እንዳልሠራ ነው።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ባለፈው ክረምት ለኪስ ገንዘብ ስል በአንድ አማካሪ ቢሮ ውስጥ ጽሑፍ በኮምፒዩተር የመጻፍና የማረም ሥራ ያዝሁ። የቢሮውን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ነገሩ የአንድ ቢሮ ብቻ ይመስላልና። አንድ ቀን ሰበታ አጠገብ ሊሠራ ስለ ታሰበ ፋብሪካ የተዘጋጀ የግምገማ ሰነድ እንዳርም ተሰጠኝ። ሰማንያ ገጽ ያህል ነበር። እኩሌታው አካባቢ ስደርስ «ፍሳሹ ተጣርቶ ወደ ሞጆ ወንዝ ይለቀቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ሞጆ ከቢሾፍቱ ማዶ ነው፤ ሰበታ ደግሞ በጅማ መንገድ ነው። አለቃዬን ብጠይቀው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ስሙን አስተካክለው» አለኝ። እኔም «ሞጆ» የሚለውን እየፈለግሁ «ሰበታ» እያልሁ ለወጥሁት። ዐሥራ አንድ ቦታ ላይ ነበር። ደመወዜንም ተቀበልሁ። በሰነዱ ውስጥ የተዘረዘረው የውሃ መጠን፣ የዛፉ ዓይነት፣ የነዋሪው ቁጥር የየትኛው ወንዝ እንደ ሆነ ግን አልጠየቅሁም።

ነገሩን የሚያከፋው እኔ የሰበታ ልጅ መሆኔ ነው። በዚያ ወንዝ ዋና ተምሬአለሁ፤ እናቴ ልብስ ያጠበችበት ወንዝ ነው። ወንዙን እያወቅሁ ዝም አልሁ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ከዳር ቆሞ ጣት የሚቀስር ሰው ጽሑፍ እንዳልሆነ አንባቢ ይወቅልኝ።

ይህ ግምገማ የሚባለው ነገር ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ካያሆጋ የሚባለው ወንዝ በፋብሪካ ዘይትና ቆሻሻ ተሸፍኖ ሳለ እሳት ተነሣበት። ወንዝ ሲቃጠል ማየት ለሰው ልጅ ኅሊና ከባድ ነገር ነው። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ጠረፍ የነዳጅ ጉድጓድ ፈንድቶ ባሕሩን አጥቁሮት ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ሕዝቡን ስላስቆጣ እ.ኤ.አ. በጥር 1 ቀን 1970 የጸደቀው ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ትልቅ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ጉዳቱን አጥንተው ለሕዝብ እንዲገልጹ አስገደደ። እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተደረገው የዓለም ጉባኤም ይኸው ሐሳብ የመንግሥታት ሁሉ መርሕ ሆኖ ተጻፈ።

አገራችንም ወደ ኋላ አልቀረችም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው፤ በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው፤ በአንቀጽ 92ም የአካባቢ ዕቅድ ሲወጣ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን መስጠት እንዳለበት ይናገራል። በ1989 ዓ.ም. የአካባቢ ፖሊሲ ጸደቀ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ወጣ። አዋጁ ግምገማ የሚያስፈልገውን ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ መጀመርን ከለከለ፤ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ይህ መፈጸሙን አስቀድሞ እንዲያረጋግጥ አዘዘ፤ የጥናቱም ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና በተለይ ጉዳቱ የሚደርስበት ማኅበረሰብ አስተያየት በሰነዱ እንዲገባ ደነገገ። ከዚህም አልፎ ፋብሪካና ግድብ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ፖሊሲ፣ ስትራቴጂና ፕሮግራምም እንዲመዘን ጻፈ። በቃላቱ ረገድ ይህን ሕግ የሚያሳፍር አገር የለም።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? ሚዛኑን የሚከራየው ነጋዴው ራሱ መሆኑ ላይ ነው። በአዋጁ መሠረት ጥናቱን የሚያሠራውና የሚከፍለው የፕሮጀክቱ ባለቤት ነው። አማካሪው «ይህ ሥራ እዚህ ቦታ አይሆንም» ብሎ ቢጽፍ በሚቀጥለው ወር ማን ይቀጥረዋል? ሰነዱን መርምሮ የሚወስነው መሥሪያ ቤት ደግሞ የተሰጠው ጊዜ 15 የሥራ ቀን ነበር። ዐሥር ሰነድ ጠረጴዛው ላይ የተከመረበት አንድ ባለሙያ በዚህ ጊዜ ውስጥ ወንዙን ወርዶ ሊያይ አይችልም። በኋላም የፌዴራሉ ባለሥልጣን የመመርመሩን ሥራ በውክልና ለዘርፍ መሥሪያ ቤቶች ሰጥቶ ነበር። ባለሀብቱን «ና፤ መሬት አለ» ብሎ የጠራው ክፍል ራሱ መዛኝ ሆነ ማለት ነው። ሙሽራውን ያመጣ ሽማግሌ ሙሽራው ሰካራም ነው ብሎ አይመሰክርም።

ቅጣቱስ? አዋጁ ያለ ፈቃድ ሥራ የጀመረን ወይም የሐሰት መግለጫ ያቀረበን ሰው ከ50,000 እስከ 100,000 ብር እንዲቀጣ ደነገገ። ያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ9 ብር በታች ነበር። ዛሬ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። እንግዲህ ያ ቅጣት በዛሬ ዋጋ ለአንድ ፋብሪካ ባለቤት የምሳ ግብዣ ሒሳብ ሊሆን ምን ቀረው?

አሁን ወደ ቦታው እንሂድ። ከእንጦጦ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው የአገሪቱን የውሃ ካርታ በእግሩ ሥር ያያል። በሰሜን በኩል የወረደው ዝናብ በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ወደ ሙገር፤ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በደቡብና በምዕራብ በኩል የወረደው ወደ አቃቂና ወደ ሰበታ ወንዝ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ቆቃን አልፎ፣ በመተሐራ እርሻ አቋርጦ፣ በአፋር በረሃ ተጉዞ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሌሎች ጋር ሸገር ከተማ በተባለው አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት ሦስቱ ከተሞቻችን በዚህ ውሃ ራስ ላይ የተቀመጡ ናቸው። የራስ ምጥ እግርን ይነሣዋል። እዚህ የተደፋው ነገር አፋር ድረስ ይጓዛል።

ሰበታ በ1950ዎቹ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ከተተከለባት ጊዜ ጀምሮ የፋብሪካ ከተማ ናት። አልኮሉ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ የአበባው እርሻ በየጊዜው ተጨመረ። አዲሱ የጅቡቲ የባቡር መሥመርም የሚነሣው ከዚህችው ከተማ ነው። ይህ ሁሉ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፤ የእኔም ታላቅ እኅት በክር ፋብሪካ ሠርታ ነው ያስተማረችኝ። ይሁን እንጂ ወንዙ ምን እንደ ሆነ እንመርምር። የመጠጥ ፋብሪካ ፍሳሽ በራሱ መርዝ አይደለም፤ የእህልና የስኳር ዝቃጭ ነው። ነገር ግን ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይረባረቡበታል፤ እነርሱም ሲበሉ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። ያን ጊዜ ዓሣው ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል፤ ውሃውም ይጠቁራል፤ ይገማል። የማቅለሚያ ቤት ፍሳሽ ደግሞ ጨውና ኮስቲክ ሶዳ ይዞ ይመጣል። ይህ ሁሉ በማጣሪያ ሊገታ የሚችል ነገር ነው። ማጣሪያው ግን ገንዘብ ይበላል፤ መብራትም ይበላል። ስለዚህ ማጣሪያ መኖሩ ብቻ ሳይሆን ሌሊት መሥራቱንም የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል።

ቡራዩ የሌላ ነገር ምሳሌ ናት። የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ ከተሠራ ወዲህ አዲስ አበባ ከዚያ ውሃ ስትጠጣ ኖራለች። ከግድቡ ዙሪያ ግን ቤት በቤት ላይ ተሠራ፤ ኮረብታው ለድንጋይ ካባ ተቆፈረ፤ ዛፉ ተመነጠረ። እያንዳንዱ ቤት ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነው፤ ማንም ስለ አንድ ቤት ግምገማ አይጠይቅም። ነገር ግን ኮረብታው ሲራቆት ክረምት አፈሩን ጠርጎ ወደ ግድቡ ያወርደዋል። በአፈር ከተሞላ ግድብ ምን ሊገኝ እንደሚችል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አባ ሳሙኤልን ሄዶ ይይ። ጣሊያን በያዘን ዘመን የተሠራው ያ የኤሌክትሪክ ግድብ በደለልና በአዲስ አበባ ቆሻሻ ታፍኖ ለብዙ ዓመታት ሥራ ፈቶ ነበር።

ሱሉልታ ደግሞ ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በጋ ድርቆሽ የሚታጨድበት ሰፊ ሜዳ ነው። ይህ ሜዳ ለአላፊ አግዳሚ ባዶ መሬት ይመስላል። ባዶ አይደለም። ዝናቡን እንደ ስፖንጅ መጥጦ ወደ ከርሠ ምድር የሚያወርደው እርሱ ነው። በላዩ ላይ የቆዳ ፋብሪካ፣ የውሃ ማሸጊያ፣ የአበባ እርሻ፣ መኖሪያ ቤት ተሠራበት። የከርሠ ምድሩ ውሃ ዋጋ እንዳለውም ዓለም ዐውቋል፤ የስዊዘርላንዱ ኔስሌ እ.ኤ.አ. በ2016 በሱሉልታ ከሚገኝ የታሸገ ውሃ ድርጅት አብላጫውን ድርሻ የገዛው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ኩባንያ አልከስም። የምጠይቀው ይህን ነው፤ በጀሪካን ወረፋ የሚቆም ሕዝብ ባለበት ከተማ ውስጥ ከአንድ ከርሠ ምድር ስንት ሰው ስንት ሊትር እንደሚቀዳ ደምሮ የያዘው ማን ነው? የጉድጓዱስ ውሃ በየዓመቱ ስንት ክንድ እንደ ወረደ የሚለካው ማን ነው?

ከነዚህ ከሦስቱ ከተሞች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ግምገማው ፋብሪካን በተናጠል ይመዝናል፤ ወንዝ ግን በተናጠል አይሞትም። አንደኛው ፋብሪካ «ፍሳሼ ከተፈቀደው መጠን በታች ነው» ይላል። ሁለተኛውም እንዲሁ ይላል፤ ዐሥረኛውም እንዲሁ። ሁሉም እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ወንዙ ሲመነምን የዐሥሩ ፍሳሽ ተደምሮ ከወንዙ ውሃ ይበልጣል። አባቶቻችን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት ይህን ነው። የአቃቂ ወንዝ በዚህ ዓይነት ነው የጠፋው፤ በዚያ ውሃ የሚለማው ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ከባድ ብረት እንዳለበት የኛው ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ያ ቆስጣ የት ይሄዳል? ወደ አዲስ አበባ ገበያ፤ ምናልባትም ወደኛው የምግብ አዳራሽ ይሄዳል። ስለዚህ የከተማው ሰው ነገሩ የገበሬ ጣጣ ነው ብሎ አይተኛ።

ከፋብሪካው በላይ ደግሞ ዕቅዱ አለ። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድ የሚያቅድ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ይፋ ሲሆን፤ አዋጅ 299 ፖሊሲና ፕሮግራም ይመዘን ካለ ዐሥራ አንድ ዓመት አልፎ ነበር። መሬቱ የሚነካበት ገበሬ ግን ወሬውን የሰማው ከሰው አፍ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በአምቦና በሌሎችም ከተሞች ተማሪዎች ተቃወሙ፤ ሕይወትም ጠፋ። በኅዳር 2008 ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ አገር አዳረሰ፤ ዕቅዱም በጥር 2008 ተሰረዘ። በመስከረም 2009 መጨረሻ፤ አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በተመረቀበት በዚያው ሳምንት ሰበታ ውስጥ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ። የዚያ ቁጣ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመሬት፣ የካሳ፣ የፖለቲካ፣ የሞቱ ሰዎች ኀዘን ነው፤ የወንዝ ነገር ብቻ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። ነገር ግን ሰው አስቀድሞ በቃሉ እንዲናገር ካልተጠየቀ በኋላ በምን እንደሚናገር ያ ሳምንት አሳይቶናል። በተቃጠለው ፋብሪካ በር ላይ በማግስቱ ቆመው ያለቀሱትም የኛው እኅቶች ሠራተኞቹ ነበሩ።

ከሦስቱ ከተሞች ወጣ ብለን በዚሁ ዙሪያ አንድ ሌላ ነገር እናስታውስ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከቆሼ ተነሥቶ በሰንዳፋ ወደ ተሠራው ዘመናዊ ማስወገጃ እንዲሄድ ተደርጎ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ተጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታው፣ የውሃው መበከልና የከብቶቻቸው መሞት አስመርሯቸው ተቃወሙ፤ ማስወገጃው በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ። ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ቀበረ። የመመለሱ ነገር ክምሩን አባብሶታል ያሉ ነዋሪዎች ነበሩ። በወረቀት ላይ የተናቀ የገበሬ አስተያየት የት ደርሶ የማንን ቤት እንደሚጥል እንግዲህ ተመልከቱ። ገበሬውን መስማት ለገበሬው የሚደረግ ምጽዋት አይደለም፤ ሥራው እንዳይከሽፍ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

በትልልቁም ሥራ ቢሆን ልማዱ ይኸው ነው። የጊቤ ሦስት ግድብ ግንባታ የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ የተጽዕኖ ጥናቱ የጸደቀው ግን በ2000 ዓ.ም. ነው። ግድቡ ዛሬ ብርሃን ይሰጠናል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ የሚጠና ጥናት ምን ሊለውጥ ይችላል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ለዚህ ነው።

በመስከረም ወር ቤተሰቦቼን ልጠይቅ ሰበታ በሄድሁ ጊዜ ያ ሰነዱን ያረምሁለት ፋብሪካ የሚሠራበትን ቦታ ሄጄ አየሁት። ካስማ ተተክሏል፤ የቆርቆሮ አጥር መጥቷል። ከአጥሩ ሥር ጤፉን የሚያርም አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘሁ። ሰላምታ ተሰጣጥተን የማን ልጅ እንደ ሆንሁ ነገርኋቸው፤ አባቴን ያውቁታል። ዩኒቨርሲቲ መግባቴን ሲሰሙ ደስ አላቸውና «ልጄ፤ እንግዲያስ አንተ ታውቅ ይሆናል፤ ስለኛ ምን ተብሎ ተጻፈ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ዐውቅ ነበር። «የአካባቢው ኅብረተሰብ በስብሰባ ተወያይቶ ፕሮጀክቱን በሙሉ ድምፅ ደግፏል» ይላል ሰነዱ። «ስብሰባ ተጠርታችሁ ነበር ወይ?» አልኋቸው። «የምን ስብሰባ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። የሞጆ ሰዎች ናቸው ስለ ሰበታ ሰዎች የደገፉት። እነርሱም ደግፈው እንደ ሆነ እንጃ! ለሽማግሌው መልስ ሳልሰጥ ተሰናብቼ ሄድሁ።

አሁን የሚነሡትን መቃወሚያዎች ልመልስ። አንዳንዶች «ድሀ አገር እንዲህ ያለ ቅንጦት አያምራትም፤ አስቀድማ ትብላ፤ በኋላ ታጽዳ» ይላሉ። ይህ አነጋገር ሀብታም አገሮች ያደረጉትን እንድንደግም የሚመክር ነው። እነርሱ ግን በኋላ ለማጽዳት ያወጡት ገንዘብ ነበራቸው። እኛ የሞተ ወንዝ ለማንሣት የሚበቃ ምን ገንዘብ አለን? ሀብታም ወንዙ ቢሞት የታሸገ ውሃ ይገዛል፤ ድሀ ግን ከወንዙ ሌላ የለውም። ስለዚህ ግምገማ የሚያስፈልገው ከሀብታም ይልቅ ለድሀ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የድሀ ጥበብ ነው።

ሌሎችም «ጥናት ጥናት ስትሉ ባለሀብቱ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ወጣቱ ሥራ ያጣል» ይላሉ። ይህ ቀላል መቃወሚያ አይደለም፤ የእኅቴን ደመወዝ የበላ ሰው በቀላሉ ሊያልፈው አይችልም። ነገር ግን ግምገማ ማለት እምቢ ማለት አይደለም። የት፣ ስንት፣ እንዴት ብሎ መጠየቅ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ሳለ ባሕር ዛፍ መጥቶ ከተማይቱን አዳናት። መትከሉ ስሕተት አልነበረም። ይሁንና ያ ዛፍ ውሃ የሚመጥጥ ነውና በምንጭ ዳር ይተከል ወይስ በራቆተ ኮረብታ ላይ? ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ልንጠይቅ የምንችልበት ዕውቀት አለን፤ ሕጉም ወጥቶልን ነበር። አለማወቅ ለአባቶቻችን ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ለኛ ግን አይሆንም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? በኔ አስተያየት አምስት ነገር ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ ጥናቱ ከመሠረት ድንጋዩ በፊት ይቅረብ። ካስማ ከተተከለ በኋላ የመጣ ሰነድ እንደ ጥናት አይቆጠር።

ሁለተኛ፤ ሰነዱ ጉዳቱ በሚደርስበት ሰው ቋንቋ ይጻፍ። የሰበታ ገበሬ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰማንያ ገጽ ምን ያደርግለታል? ዋናው ነገር በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በአራት ገጽ ተጽፎ በቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ፤ በገበያ ቀንም ይነበብ።

ሦስተኛ፤ የሚመዘነው ፋብሪካው ብቻ ሳይሆን ወንዙ ሁሉ ይሁን። በሰበታ ወንዝ፣ በገፈርሳ ተፋሰስና በሱሉልታ ከርሠ ምድር ላይ ስንት ሸክም እንዳለ አንድ ጊዜ ይቆጠር። አዲስ መጪም በቀረው ልክ ይፈቀድለት፤ ካልቀረም ይከልከል።

አራተኛ፤ አጥኚውን የሚመርጠውና የሚከፍለው ባለሀብቱ አይሁን። ባለሀብቱ ገንዘቡን ለአንድ ገለልተኛ ክፍል ያስገባ፤ ያ ክፍል አጥኚውን ይላክ።

አምስተኛ፤ ከፈቃዱ በኋላ ክትትል ይኑር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ለነባር ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት ፋታ ሰጥቶ ነበር። ፋታው ካለቀ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኗል። ማን ፈጸመ፤ ማን አልፈጸመም? የየፋብሪካው የውሃ ምርመራ ውጤት በየወሩ ለሕዝብ ይገለጥ።

ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ነው ብለን ብናበቃ ግን ራሳችንን ማታለል ይሆናል። እነዚያን ሰነዶች የሚጽፋቸው ማን ነው? የዚህ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው። የሚያርማቸው ማን ነው? የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ማኅተም የሚያሳርፍባቸውስ? እርሱም ከዚሁ የወጣ ነው። እኛ በየአዳራሹ ስለ ሕዝብ መብት ስንከራከር አምሽተን ነገ በጠዋት በሕዝብ ስም የሐሰት ድጋፍ የምንጽፍ ከሆነ ትምህርታችን ምን ረባ? ባለሀብቱ ወንዙን የሚያበላሸው በቧንቧ ነው፤ እኛ ግን በብዕር እናበላሸዋለን፤ የብዕሩም ይቀድማል።

ስለዚህ ለኅብረታችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂ፣ የጂኦሎጂ፣ የሕግና የቋንቋ ተማሪዎች ያሉበት አንድ ኮሚቴ ይቋቋም። ይህ ኮሚቴ ሕጉ ለሕዝብ ክፍት ናቸው ያላቸውን ሰነዶች በደብዳቤ ይጠይቅ፤ እምቢ ከተባለም እምቢታውን በዚህ ጋዜጣ ያውጣ። ያገኘውን አሳጥሮ ወደ ሁለቱ ቋንቋዎች ይመልስ። በየሦስት ወሩም ከሦስቱ ከተሞች ወንዞች ውሃ ቀድቶ ይመርምር። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የአውቶቡስ ሳንቲምና የቤተ ሙከራ ፈቃድ ይበቃል። እያንዳንዳችንም ያላየነውን ቦታ አይተናል ብለን፣ ያላነጋገርነውን ሰው ደግፏል ብለን ላንፈርም ቃል እንግባ።

እኔ በበኩሌ የማስታውሰውን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስገብቻለሁ። ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሥራውም ለሚቀጥለው ክረምት እንደማይሰጠኝ የታወቀ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ወደ ሰበታ እሄዳለሁ። ለሽማግሌው ስለ እርሳቸው ምን ተብሎ እንደ ተጻፈ፤ ማን እንደ ጻፈውም እነግራቸዋለሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና የሚሻል፤ ከሥሩ መጀመር የሚገባኝ እኔ ነኝ።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ